ስሙን ከነአያቱ የጻፍኩበት ወረቀት

ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ለመመጻደቅ አይደለም፤ ሃያ ሁለት ዓመት እንጀራዬ ይኸው ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ቁጥጥር ሠራተኛ ነበርኩ። የመጋዘን እሽግ ተነካክቶ እንደሆነ በሩ ጋ ሳልደርስ አውቃለሁ። ዕቃ ይዞ የሚወጣ ሰው ከወትሮው በላይ ሰላምታ ካበዛብኝ ካርቶኑን አስፈታዋለሁ፤ ብዙ ጊዜም አልሳሳትም። ባልደረቦቼ «ወይንሸት የገዛ ቦርሳዋንም ፈትሻ ነው ወደ ቤቷ የምትገባው» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔም በሆዴ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን የማጫውታችሁ ሦስት ቀን ግን ያንን ደስታ ወስዶብኛል።

ያን ጊዜ መሥሪያ ቤቱን ከለቀቅኩ ዓመት አልሞላኝም። ያለኝን ጥሪት አሟጥጬ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁና በስልክ እየተጠራሁ ሰው ማመላለስ ጀመርኩ። ሌላ ገቢ የለኝም። ቤታችን የሚተዳደረው፣ የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት የሚገዛው በዚህችው መኪና ነው። ሻጮቹ ሲያስረክቡኝ የሦስት ዓመት ዋስትና የሚል ደብተር ሰጡኝ። ሌላው ሰው መሳቢያ ውስጥ ይወረውረዋል፤ እኔ ከዳር እስከ ዳር አንብቤ፣ ያጠራጠረኝን አስምሬ፣ በፕላስቲክ ሸፍኜ አስቀመጥኩት።

የምንኖረው ጊዮርጊስ ጀርባ ነው። በዙሪያችን ያለው ሰፈር በአብዛኛው ፈርሶ ሰፊ መንገድና አጥር ሲሆን የኛ ግቢ እንዴት እንደተረፈ ዛሬም አይገባኝም። ውስጡ ያለነው እኔና እማዬ፣ የኋላውን ቤት የተከራየችው ትዕግሥት፣ መንገዱን ይዞ ባለው ክፍል ደግሞ ወርቅ የሚሠሩት ጋሽ ሰይድ ነን። ጋሽ ሰይድ ከወሎ የመጡት በጉርምስናቸው ነው፤ ክፍሏን የሰጣቸው አባቴ ነው። በልጅነቴ ጆሮዬን የበሱኝ እሳቸው ናቸው። አባቴ ሲሞትም አስከሬኑን ተሸክመው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሄደው፣ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ውጭ ቆመው ጠብቀዋል።

መኪናዬን ቻርጅ የማደርገውም በሳቸው መስመር ነበር። የኛ ቆጣሪ አቅም የለውም፤ የሳቸው ለሥራቸው ሲባል ጠንከር ያለ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዲሰኩልኝ ብዬ የመኪናዋን ትርፍ ቁልፍ ሰጥቻቸው፣ ከመሥሪያ ጠረጴዛቸው በላይ አንዲት ሚስማር መትተው አንጠልጥለውት ነበር። እንግዲህ እኔ በሕይወቴ ትርፍ ቁልፍ የሰጠሁት ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሐሙስ ማለዳ መኪናዋ ሌሊቱን ሙሉ ተሰክታ አድራ ምንም አልሞላችም። ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ቢጫ መብራት ብልጭ አለና ጠፋ። እማዬ ነጠላዋን እንዳጣፋች ከበሩ ላይ ታየኛለች።

«ምን ሆነች?» አለችኝ።

«ኤሌክትሪኩን አልቀበል አለች።»

«ምግብ አልወስድ አለች በዪኝ።» ፊቷ ላይ ድንጋጤ ነበር። «አፏ ታምሞ ይሆናል።»

ለሰባ ስምንት ዓመት ሴት ስለ ባትሪ የማስረዳበት ጊዜ አልነበረኝም። በቀረችው ቻርጅ እየተሳብኩ ወደ ኩባንያው ጥገና ክፍል ሄድኩ።

የተቀበለኝ ሚኪያስ የሚባል ትሁት ሰው ነው። «አይዞሽ እህቴ፣ ገና ዋስትና ላይ ናት» ብሎ ቁልፉን ተቀበለኝ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲመለስ «እህቴ» ቀርታ «ደንበኛችን» ሆኜ ጠበቅሁት። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ገመዱ የሚገባበት መሰኪያ ውስጥ ነጣ ያለ፣ የደረቀ ጭቃ የሚመስል ነገር ተጋግሯል።

«ውሃ እንዲወጣ የተሠራች ቀዳዳ አለች፤ ይኼ ነገር ደፍኗታል። ከላይ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል። መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ሄዶ ቻርጀሩን አበላሽቶታል» አለኝ።

«የዝናብ ውሃ ነዋ።»

«ዝናብ ጭቃ ይዞ አይገባም። ክዳኑም ዝግ ነው። ይኼ በሰው እጅ የገባ ነው።»

ወዲያው የመጣልኝ ሐሳብ ራሳቸው ናቸው ያስገቡት የሚል ነበር። ቻርጀሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ችግር ይኖርበታል፤ ላለመቀየር ጭቃ ቀብተው ፎቶ ያነሳሉ። ሁለት ሰዓት ለዚህ ይበቃል። «መኪናዬን ሳላይ ማን ክፈቱ አላችሁ?» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ራሴ ገብቼ ከነጩ ነገር ትንሽ በጥፍር መቁረጫ ፈቅፍቄ በወረቀት ቋጠርኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሚኪያስም ውሳኔው በማግስቱ በደብዳቤ እንደሚነገረኝ ነግሮኝ መኪናዋን መለሰልኝ።

ቤት ስደርስ ትዕግሥት ልብስ ታሰጣለች። የሆነውን ነገርኳት። ወሬ የምታበዛ ልጅ አይደለችም፤ ለዚህም ይሆናል የተናገረችው ነገር ልቤ ውስጥ የቀረው።

«እትዬ ወይንሸት፣ እንዲያው ነገር ፍለጋ እንዳይመስልብኝ… ጋሽ ሰይድ እሑድ እሑድ ጠዋት መኪናዋ ጋ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ሲያስገቡ አያቸዋለሁ። አንቺ ገና ተኝተሽ ሳለ።»

«የት ነው የሚያስገቡት?»

«እዚያ ገመዱን የምትሰኪበት።»

ወዲያው የሃያ ሁለት ዓመቱ ሥራዬ ተነሳብኝ። ጋሽ ሰይድ ወንድማቸው ሞቶባቸው ደሴ ሦስት ሳምንት ቆይተው የተመለሱት ማክሰኞ ነው። መኪናዋ የተበላሸችው ሐሙስ ነው። በመጡ በሁለተኛው ቀን። ይህን ከሰማሁ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ጉትቻዬ ላልቷል በሚል ሰበብ ወደ መሥሪያ ክፍላቸው ገባሁ። ጠረጴዛቸው ላይ አጎንብሰው አንዲት ቀለበት ያጋጥማሉ። ከቆርቆሮ ጣሳ ነጭ ዱቄት በብሩሽ ጫፍ እያነሱ ይነሰንሱባታል። ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ቋጠሮ አሰብኩ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይቺ ዱቄት ምንድን ናት?»

«ወርቅ ሲቀልጥ ቆሻሻውን የምትሰበስብ ናት። ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቂያት የለ እንዴ።»

«ውሃ ሲነካት ትጋገራለች?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ምን ሆነሻል ወይኒ?»

«መኪናዬ ተበላሽታለች። መሰኪያዋ ውስጥ ጭቃ ተገኘ።»

እጃቸው ባለበት ቆመ። «ምን ዓይነት ጭቃ?»

«ነጭ።»

ዓይናቸው በእኔ ትከሻ አልፎ ወደ ቤታችን በር ሄደ። «ላ ኢላሀ ኢለላህ» አሉ ለራሳቸው ያህል። ቀጥለውም «እትዬ በላይነሽ ሰምተዋል?» አሉኝ።

«እማዬ ምን አገባት?»

«እንዲያው ነው። እንዳይጨነቁ ብዬ ነው።»

ያን ሁሉ ዓመት የማውቀው ምልክት ነው፤ የተጠየቁትን ትቶ ሌላ ሰው ማንሳት። መጋዘን ውስጥ ቢሆን ካርቶን አስፈታ ነበር። ጉትቻዬን አጥብቀው ሰጡኝ፤ አመስግኜ ወጣሁ። ለምን ያደርጉታል ለሚለው መልስ ለማግኘትም ብዙ አልደከምኩም። ቻርጅ በማደርግበት ሰዓት መብራታቸው ደከም እያለ ሥራ እንደሚያስፈታቸው አንድ ቀን በቀልድ ነግረውኝ ነበር። ቀልዱን አሁን ነው የገባኝ ብዬ ደመደምኩ።

ዓርብ ጠዋት ደብዳቤው ደረሰኝ። «የዋስትና ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም» ይላል፤ ከደብተሩ ላይ ባዕድ ነገር ስለ መግባት የሚያወራውን አንቀጽ ይጠቅሳል። ያሰመርኩበት አንቀጽ ነበር። ሚኪያስ ዘንድ ተመልሼ ሄድኩ። በጣም ካነጋገርኩት በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የሌላ ሰው እጅ አለበት ካሉ መንገዱ ኢንሹራንስዎ ነው። ሆን ተብሎ የደረሰ ጉዳት ከሆነ ሊሸፍኑት ይችላሉ። ግን የፖሊስ ማስረጃ ይጠይቅዎታል። የሚጠረጥሩት ሰው ስም ካለ ነገሩ ይፈጥናል።»

ከዚያ ወጥቼ ጊዮርጊስ አደባባይ አጠገብ ካለች ትንሽ ካፌ ገባሁ። ማኪያቶ አዘዝኩና ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ወረቀት አውጥቼ ለፖሊስ የሚሰጠውን ማመልከቻ ጻፍኩ። እጄ ለእንዲህ ያለ ጽሑፍ የተገራ ነው፤ ቀን፣ ሁኔታ፣ ምስክር፣ ሁሉም በየቦታው ተቀመጠ። «ተጠርጣሪ» የሚለው ላይ ስደርስ «ሰይድ ይማም አሊ» ብዬ ጻፍኩ። የአያታቸውን ስም ማንንም አልጠየቅሁም። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ግቢ ውስጥ አብሬያቸው አድጌ የለ። ስጽፍ አላመመኝም፤ እንዲያውም የጽሑፉ ንጽሕና ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቃችሁም።

ማታ ከመምሸቱ በፊት ወደ ክፍላቸው ገብቼ «ኩባንያው ሁለቱንም ቁልፍ ይፈልጋል» ብዬ ዋሸኋቸው። ቁልፉን ከሚስማሩ አውርደው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

«ይሠሩልሻል?» አሉኝ።

«እናያለን።»

«ወይኒ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ…» ብለው ጀመሩና እማዬ ግቢው መሀል ብቅ ስትል ተውት። «አላህ ያግራልሽ» ብለው ተቀመጡ። ሊናዘዙ ነበር ብዬ ወሰድኩት።

ቅዳሜ ፖሊስ ጣቢያ ልሄድ ወስኛለሁ። ይሁን እንጂ የቁጥጥር ሰው ምስክር ብቻ አይበቃውም፤ በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እማዬ ለኪዳን እንደወጣች፣ ማዕድ ቤት ገብቼ በሩን ገርበብ አደረግኩና ስልኬን ለቀረጻ አዘጋጅቼ ቆምኩ። ማመልከቻው ኪሴ ውስጥ ነው። የጊዮርጊስ ድምፅ ማጉያ ይሰማል። ጋሽ ሰይድ ሰግደው ወጥተው በራቸው ላይ ባለች ዱካ ተቀምጠዋል። አንዴ መኪናዋን ያያሉ፣ አንዴ የግቢውን በር። «የሚጠብቀው ነገር አለ» አልኩ በሆዴ፤ ያን ዕለት አንቱታውንም ነፍጌያቸው ነበር።

የግቢው በር ሲከፈት እማዬ ናት የገባችው። ጋሽ ሰይድ ብድግ ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

እማዬ ቤት ውስጥ ገብታ ወዲያው ወጣች። የመኪናዬን ቁልፍ ይዛለች። መቼ እንደተማረች አላውቅም፤ ቁልፉን ተጫነችው፣ መኪናዋ ጢጥ አለች። ወደ ጎኗ ዞራ የመሰኪያውን ክዳን ገፋ አደረገችና ከፈተችው። ከነጠላዋ ሥር የጸበል ጠርሙስና የተቋጠረች ወረቀት አወጣች። በወረቀቷ ውስጥ እምነት ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን የምታመጣው፣ ራሷን ሲያማት ግንባሯን የምትቀባው ያ አመድ።

«በስመ አብ ወወልድ…» አለች። «አፍሽን ክፈቺ የኔ ልጅ። ሦስት ቀን ሙሉ ሳትበዪ። ልጄን እንጀራ የምታበያት አንቺ ነሽ፤ አንቺ ከተኛሽ እሷ ምን ትሆናለች? በይ ቅመሽ። ጊዮርጊስ ይማርሽ።»

ጸበሉን ቀስ አድርጋ አፈሰሰችባት። እምነቱን በጣቷ እያራሰች ዙሪያውን ቀባቻት፤ እኔ ልጅ ሆኜ ጉሮሮዬን ሲያመኝ እንደምትቀባኝ። ክዳኑን ዘግታ፣ በመዳፏ መታ መታ አድርጋት ወደ ቤት ገባች።

ስልኬ ይህን ሁሉ ቀርጿል። ገና ከማዕድ ቤቱ ሳልወጣ ጋሽ ሰይድ ብቅ አሉ። በአንድ እጃቸው የወርቅ ብናኝ የሚጠርጉበትን ብሩሽ፣ በሌላው ጥጥና ስትጨመቅ አየር የምትነፋ ጎማ ይዘዋል። ወደ ቤታችን መስኮት አየት አድርገው፣ እያቃሰቱ መሬት ላይ ተንበረከኩ። ከዚያ መሰኪያውን ከፍተው መጥረግ ጀመሩ። ቀለበት እንደሚሠሩት ነው የሠሩት፤ ሳይቸኩሉ፣ አንድ በአንድ።

ወጥቼ ከኋላቸው ቆምኩ። «ጋሽ ሰይድ።»

ደንግጠው ብሩሹን ከጀርባቸው ደበቁት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው።

ብሩሹን ከጀርባቸው መልሰው አወጡት። «መኪናዋ ከመጣች ከሁለተኛው እሑድ ጀምሮ። እሳቸው እሑድ እሑድና በወር በሃያ ሦስት ይቀቧታል። እኔ ቶሎ ብዬ ሳይደርቅ እጠርገዋለሁ። ደሴ ስቀመጥ ግን ሦስት እሑድ አለፈ፤ ሃያ ሦስትም መሀል ላይ ዋለች። እዚያ ለቅሶ ላይ ሆኜ እንኳ አስቤው ነበር ወላሂ። ማክሰኞ መጥቼ ሳየው ድንጋይ ሆኗል።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? ሰይድ ሙስሊሙ የእናትሽ ጸበል መኪናሽን ይጎዳል ብሎ ይንገርሽ? ለሳቸውስ በምን አፌ? አርባ ዓመት አንድ ግቢ ስንኖር እሳቸው ስሰግድ በፊቴ አልፈው አያውቁም። እኔ በሳቸው እምነት ውስጥ አፌን አላስገባም። መጥረግ ግን ምንም አልነበረበትም። ትናንት ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፤ እሳቸው ሲመጡ አፈርኩ።»

መሬት ላይ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ዝም ብዬ ብነሳ ማንም አያውቅብኝም ነበር። ወረቀቱን ቀድጄ መጣል እችላለሁ። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሌላውን ሰው ኪስህን አራግፍ ስል ኖሬ፣ የራሴን አላራግፍም ማለት አቃተኝ። ማመልከቻውን አውጥቼ ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡት። እስከ መጨረሻው። ፊታቸው አልተቆጣም፤ ያረጀ ብቻ መሰለኝ።

«ስሜን ከነአያቴ ጽፈሽዋል» አሉ።

«አዎ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። አውቀዋለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወረቀቱን በአራት አጥፈው የሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«እኔ ጋ ይሁን። እኔ ጋ እሳት አለ» አሉኝና ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ።

ተከትያቸው ገባሁ። ወረቀቱን ማቅለጫው ላይ አደረጉት፤ ሲነድ ሁለታችንም አየነው። ከዚያ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው የቀረውን የቀለበት ሥራ ቀጠሉ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ አልተቆጡኝምም።

ሰኞ ሚኪያስ ዘንድ ሄጄ ቅሬታዬን መተዌን ነገርኩት። «ተጠርጣሪው ተገኘ?» ሲለኝ «ከቤት ነው» አልኩት። ኩባንያውን በመጠርጠሬም ይቅርታ ጠየቅሁ፤ በደብዳቤ። መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ መኪናዋ ከሁለት ወር በላይ ቆመች። በራሴ ኪሳራ ነው ያሠራኋት፤ እስከዚያ ድረስ የማውቃቸውን እየለመንኩ የዕቃ ቆጠራ ሥራ ስሠራ ቆየሁ።

እማዬን በዘዴ የመለሷት ጋሽ ሰይድ ናቸው። በራቸው ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ስትሞቅ፣ እኔ ቡና ቤት ደርሼ ስመለስ ሰማኋቸው።

«እትዬ በላይነሽ፣ ጸበል የሚረጨው በአናት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ይጠጣልም እንጂ ሰይድ።»

«ለሰው ነው የሚጠጣው። መኪና ግን አናቷ ከፊት ነው፤ እዚያ ላይ ቢሆን አይሻልም?»

«ጎረምሳ ሳለህም እንዲሁ ነበርክ፤ ነገር ታውቃለህ» አለችው። ከዚያ በኋላ ጸበሉ የሚፈሰው በፊት በኩል ነው። ያበላሸችው እሷ መሆኗን እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ይህን ጽሑፍም ዓይኗ ስለደከመ አታነበውም።

እናንተ የምታነቡት ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዕቃ ሲጎድል የምንጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን ነበረ?» የሚል ነው። ጋሽ ሰይድ ያልነበሩበት ሦስት ሳምንት ፊቴ ላይ ተዘርግቶ እያለ፣ እኔ የቆጠርኩት ከተመለሱ በኋላ ያለውን ሁለት ቀን ነው። ሥራዬን እንኳ በደንብ አልሠራሁም። እናንተስ ግቢ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ፣ የሆነ ሰው በመኖሩ ብቻ ስንት ነገር ሳይበላሽ እንደሚያድር አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር። ዛሬም ተጠራጣሪ ነኝ፤ ይህ ተፈጥሮ አይለቅም። ነገር ግን የሰው ስም ከመጻፌ በፊት እጄ ይከብደኛል።

መኪናዋ ተሠርታ በተመለሰች ቀን ትርፉን ቁልፍ ይዤ ወደ ጋሽ ሰይድ ገባሁ። ምን ብዬ እንደምሰጣቸው መንገዱን ሙሉ ስለማመድ ነው የመጣሁት። ሚስማሯ ባዶዋን ነበረች፤ በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሌላ ነገር አላንጠለጠሉባትም። ያዘጋጀሁትን ንግግር ትቼ ቁልፉን ዘረጋሁላቸው።

ከሥራቸው ቀና ሳይሉ በብሩሹ ጫፍ ወደ ሚስማሯ አመለከቱኝ።

«ቦታውን ታውቂዋለሽ» አሉኝ።